የእሬት ጭማቂ ለሆድ ድርቀት ይበጃል?

ጥያቄ፦ የቆየ የሆድ ድርቀትና ቃር ስላለብኝ የታሸገ የእሬት ጭማቂ መጠጣት ለመጀመር አስቤአለሁ። ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት እወስዳለሁና፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ 1፦ በቅድሚያ የትኛውን የቅጠሉን ክፍል እንደሚጠጡ ይለዩ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫና መራራ ፈሳሽ አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ትልቁን አንጀት እያነቃቃ በኃይል ያስቀምጣል፤ መሃል ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ድርቀትን የሚፈታው ቢጫው ነው፤ ጣጣ የሚያመጣውም እሱው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 እሬት ያለባቸው፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ከገበያ እንዲወጡ ያደረገው፣ አምራቾች በቂ የደኅንነት መረጃ ስላላቀረቡ ነበር።

መልስ 2፦ ተቅማጥ ፖታሲየምን ከሰውነት ያስወጣል፤ ብዙዎቹ የሚያሸኑ መድኃኒቶችም እንዲሁ ስለሚያደርጉ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ባይጀምሩት እመርጣለሁ። (ነፍሰ ጡር ከሆኑማ ጨርሶ አይሞክሩት።)

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ያየሁት ጠርሙስ ላይ «ከሙሉ ቅጠል የተጨመቀ» የሚል ተጽፏል።

መልስ 1፦ አሎይኑ ተጣርቶ መውጣቱን ካልገለጸ ይተዉት። ያልተጣራውን የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ለድርቀቱ በቂ ውሃና አሰር ያለው ምግብ ይቅደም፤ የቆየው ቃር ግን በሐኪም ይታይ።