ቀላል ብረቴ እንደ ሸክላ ተሰበረብኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ጠያቂ፣ ባህር ዳር
ሰላም እንዴት ናችሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ ቀላል ብረት አቅልጬ ነበር። በክብደት 30 በመቶ ማንጋኒዝ፣ 9 በመቶ አሉሚኒየም፣ 1 በመቶ ካርቦን፣ የቀረው ብረት ነው። ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 6.8 ግራም አካባቢ መጣልኝ፤ የተራው ብረት 7.8 ስለሆነ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ 1050 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት አቆይቼ ምድጃው ውስጥ እንዳለ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት፤ ቀጥዬ 600 ላይ 24 ሰዓት አሞቅሁት። ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ ነካ ሳደርገው ቀጭ አለ። ስብራቱ እንደ ስኳር ፍሬ ያብረቀርቃል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳስለካው ደግሞ ብረቱ የተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚገናኙበት ድንበር ላይ ካርቦኑ በክብደት 9 በመቶ ነው ተባልኩ። ምን ዓይነት ካርባይድ (ካርቦን ከብረታ ብረት ጋር የሠራው ውህድ) ነው? እንዴትስ ላጥፋው? ቀኑ ደርሶብኛል።

መልስ፣ ፍኖተ ሰላም
ልጄ፣ እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። ባሌስትራ አግዬ ማረሻ ሳወጣ ውሃ ውስጥ ድንገት ከነከርኩት ይደርቅና ይሰበራል። ያንተንም ውሃ እንዳታስነካው።

መልስ፣ ደብረ ማርቆስ
ጋሼ፣ ለባሌስትራ ያሉት ልክ ነው፤ ይሄኛው ግን ተቃራኒው ነው። ማንጋኒዙና ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ውሃ ቢነካውም ውስጡ አይለወጥም፣ እንዲያውም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።
ወንድሜ፣ ያየኸው ካፓ ካርባይድ ነው። በአንዲት ትንሽ ኪዩብ ብታስበው፣ ማዕዘኖቿን አሉሚኒየም ይይዛል፣ ፊቶቿን ብረትና ማንጋኒዝ፣ መሃሏን ካርቦን። ጨርሰህ ልታጠፋው አትሞክር! ቅንጣቱ ውስጥ በናኖሜትር ደቅቆ ሲበተን ብረቱን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ችግሩ ድንበር ላይ ሲወፍር ነው፤ ያኔ ስንጥቁ መንገድ አግኝቶ ድንበር ለድንበር ይሮጣል፣ ስኳር የሚመስልህም ለዚያ ነው። አንተ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ስትተወው ድንበሩ ላይ በቀለ፣ 600 ላይ አንድ ቀን ሙሉ ስታቆየው ደግሞ ወፈረ። እንደገና 1050 ላይ አሟሟው፣ ከምድጃ አውጥተህ ወዲያው ውሃ። ከዚያ 550 ላይ ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ በየመሃሉ ጥንካሬውን እየለካህ።

መልስ፣ እንጅባራ
ያንን 9 በመቶ ግን አትጻፈው፣ ኧረ በፍጹም። ደምረን እንየው፦ ካፓው በአቶም ቁጥር 3 ብረት፣ 1 አሉሚኒየም፣ 1 ካርቦን ቢሆን ካርቦኑ በክብደት 5.8 በመቶ ገደማ ነው። ካፓው ንጹሕ ቢሆን እንኳ 9 ሊደርስ አይችልም፤ ደግሞ በእውነተኛው ካፓ ውስጥ የካርቦኑ ቦታ ሁሉ አይሞላም፣ ከዚያም ያንሳል። መሣሪያው የሚለካው ከናሙናው በሚወጣው ኤክስሬይ ነው፤ ካርቦን የሚሰጠው ኤክስሬይ ደግሞ ደካማ ነው፣ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይም ከአካባቢው ቆሻሻ ካርቦን ይለጠፋል። በዚያ መሣሪያ አሉሚኒየሙንና ማንጋኒዙን ተቀበል፤ የካርቦኑን ልክ ለማወቅ አቶም በአቶም የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል። ናሙናህን ስታሞቅም ላዩ ካርቦን እንዳያጣ አየር እንዳይነካው አድርግ።

ጠያቂ፣ ባህር ዳር
ተመለስኩ። ባልዲውን ምድጃው አፍ ሥር አስጠግቼ ነከርኩት፣ ከዚያ 550 ላይ 5 ሰዓት። ዛሬ ጠዋት ሞርሳው ላይ አስሬ መታሁት፤ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም። ካርቦኑንም ከሠንጠረዡ አወጣሁት። ጋሼ፣ አንድ ቁራጭ አስቀምጬልዎታለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ስመጣ ይቀጥቅጡትና ይዩት።