ለልጆች ድራማ የሚሆን ቀላል የሸክላ ቀንድ፦ ከፀጉር መያዣ ጋር እንዴት ይያያዛል?

ጠያቂዋ መምህርት (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሰኔ ላይ በሚከበረው የወላጆች በዓል የአራተኛ ክፍል ልጆቼ አጭር የእንስሳት ድራማ ያቀርባሉ። ሦስት በሬዎች፣ አንዲት ፍየልና አንድ ዋልያ አሉኝ። ጅራቱና ልብሱ አላስቸገረኝም፤ የቸገረኝ ቀንዱ ነው።

የመጀመሪያውን የበሬ ቀንድ ከተራ የሸክላ ጭቃ ድፍን አድርጌ ሠራሁትና ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ የሚደፋ ፕላስቲክ የፀጉር መያዣ ላይ በሙጫ አጣበቅሁት። መልኩ እውነተኛ ቀንድ ይመስላል። ነገር ግን ሲደርቅ ሥሩ ዙሪያውን ተሰነጠቀ፤ ልጁ ሣር እንደሚግጥ ሆኖ ጎንበስ ሲል ደግሞ መያዣው ከነቀንዱ ዓይኑ ላይ ይወርዳል። ክብደቱን እንዴት ልቀንስ? ከገበያ በቀላሉ ከማገኘው ነገር ምን ዓይነት ጭቃ ይሻላል? ከመያዣው ጋርስ በምን ላያይዘው? ከውጭ የሚመጣውን ውድ የመቅረጫ ጭቃ የመግዛት አቅም እንደሌለን ከወዲሁ እናገራለሁ።

የሒሳብ ሰው

መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የጭቃው እንዳልሆነ በቁጥር ላሳይዎት። ቀንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ሥሩ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሾጣጣ ነው እንበል። ይዘቱ ወደ 84 ኩብ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የደረቀ የሸክላ ጭቃ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ ድፍን ቀንድ ከ125 እስከ 170 ግራም፣ ጥንዱ ከሩብ ኪሎ በላይ ነው። ያን ሁሉ የተሸከመው ደግሞ ጣት የማያህል ፕላስቲክ ነው።

አሁን ያንኑ ቀንድ ውስጡን በቀላል ነገር ሞልተው ጭቃውን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ያልብሱት። የሚያስፈልገው ጭቃ ወደ 25 ኩብ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ተራ ሸክላ እንኳ ቢሆን ከ50 ግራም አይበልጥም፤ ወረቀት የገባበት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ጭቃው ቆዳ ይሁን እንጂ ሥጋ አይሁን።

ሸክላ የማውቅ

የሒሳቡ ሰው ልክ ነው፤ እኔ ግን ተራውን ሸክላ ጨርሶ ይተዉት እላለሁ። ሸክላ የሚጠነክረው እሳት ሲገባ ነው። ሳይተኮስ የቀረ ሸክላ የደረቀ አፈር ነው፤ በቀጭኑ ከተለበሰ ልጅ በጣቱ ሲነካው ይፈረፈራል። መተኮስ እንዳይባል ደግሞ ውስጡ ያስገቡት ነገር ሁሉ ይቃጠላል።

የስንጥቁ ምክንያትም ይኸው ጭቃ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ድፍን ሲሆን ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲጠብ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ላዩ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ወፍራሙ ሥሩ ስለሆነ ስንጥቁ እዚያ ታየ። ባይሰነጠቅ ነበር የሚገርመኝ።

የልብስ ሰፊው

ለቲያትር ልብስ እሰፋለሁ። እኔ የምጠቀምበት የወረቀት ሊጥ ነው። ሶፍት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይበጥሱትና በጨርቅ አጥብቀው ይጭመቁት። ከተጨመቀው አንድ ኩባያ ተኩል ይለኩ። በዚያ ላይ ሦስት ሩብ ኩባያ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ግማሽ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የተፈጨ ጠመኔና አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ። እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይሹት። ከላላ ጠመኔ፣ ከደረቀ ኮላ ይጨመርበታል። ሻጋታ እንዳይዘው አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። የተረፈውን በፌስታል ቋጥሮ ማቆየት ይቻላል።

ለምን ጀሶ አላልክም የሚለኝ አይጠፋም። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ጀሶ ውኃ ሲነካው ደቂቃዎች ሳይቆይ ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ጠመኔ እንደዚያ አያደርግም። ትምህርት ቤት ደግሞ ስብርባሪ ጠመኔ ይታጣል?

የጣና ዳር ልጅ

ጭቃውን ተነጋገራችሁ፤ ውስጡን የሚሞላውን ማንም አላነሳም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ደንገል ሳይታሰብ ቀንድ ይሠራል?

መምህርት፣ ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ጠይቀው አንድ እቅፍ የደረቀ ደንገል ያምጡ። የደንገል አገዳ አንጓ የለውም፤ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ነው፤ ሲደርቅ ክብደት አለው ለማለት ያስቸግራል። በምላጭ ይላጣል። ለፍየሏ አንድ አገዳ ጫፉን አሹሎ መቅረጽ ይበቃል። ለበሬ ግን ሦስት አራቱን በቁመት ሰንጥቀው፣ አንዱን ከሌላው አሳጥረው በክር ይሰሩት፤ ረጅሙ ጫፍ፣ አጫጭሮቹ ሥር ይሆናሉ።

መቆልመሙ ላይ ይጠንቀቁ። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ደንገል ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ትንሽ ውኃ አስነክተው ለስለስ ሲል፣ የታንኳ አፍንጫ ወደ ላይ እንደሚቀለበሰው አድርገው አጉብጠው በሲባጎ ወጥረው ይሰሩት፤ እንደታሰረ ይድረቅ። ሲፈታ ቅርጹን አይለቅም።

ጠያቂዋ መምህርት

ደንገል በጭራሽ አልታሰበኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን የደረቀ የእምቦጭ አገዳም ያው ቀላል ነው፣ ከሐይቁም ይቀነሳል አለችኝ። ምን ትላላችሁ?

የጣና ዳር ልጅ

እንዳትነኩት። እውነት ነው፣ ቀላል ነው። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ደርቆም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከቦታ ቦታ መዘዋወሩ ነው የሚያስፋፋው። ለሦስት በሬ ቀንድ ብለን ወንዝና ኩሬ አንበክል።

ሸክላ የማውቅ

ደንገሉን ደግፌ አንድ ነገር ልጨምር። ደንገል ውኃ ይጠጣል። እርጥቡን ሊጥ በባዶው ካለበሱት ውኃውን መጥጦ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ከላይ ያለው ሊጥ በሌላ ፍጥነት ይደርቃል፤ ተመልሰን ወደ ስንጥቅ። መጀመሪያ ደንገሉን ኮላ ቀብተው ያድርቁት። ከዚያ በቀጭን ሻሽ ይጠቅልሉትና ሻሹ ላይ እንደገና ኮላ ይቀቡ። ሊጡ የሚጨብጠው ነገር ያገኛል፤ ደንገሉም ውኃ አያገኝም።

አናጺው

ደንገል ላልቀረበው ሰው፦ የተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይል ወይም ጋዜጣ በወረቀት ፕላስተር እየጠቀለሉ ያንኑ ቅርጽ መሥራት ይቻላል። ፎይል አጥብቀው ከጨመቁት ግን ይከብዳል፤ ላላ አድርጉት።

የልብስ ሰፊው

አሁን ወደ ማያያዣው እንምጣ፤ ድራማ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ለቀንዱ ተጨንቆ መያዣውን ከመንገድ ዳር በርካሽ ገዝቶ ይመጣል።

ጠባቡን መያዣ ይተዉት፤ ይገለበጣል። ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋውን ይግዙ። ሙጫ ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ አይቆይም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያሻክሩትና ከዳር እስከ ዳር በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ይስፉት።

ቀንዱ በሙጫ ብቻ አይያዝም። ውስጡ ሽቦ ይግባ። ላዩ ፕላስቲክ ለብሶ የሚሸጠው ነጠላ የመብራት ሽቦ ይበቃል። እጥፍ አድርገው፣ እጥፋቱን ደንገሉን ከማሰርዎ በፊት እስከ ቀንዱ እኩሌታ ድረስ መካከሉ ያስገቡ። ሁለቱ ጫፎች ከሥር በኩል አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጡ። አንዱን በመያዣው ፊት፣ ሌላውን በኋላ አሳልፈው ከሥር ያጠላልፏቸው፤ አንድ ዙር መልሰው ይምጡ። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍ፤ ወደ ልጁ ራስ የሚያይ ሽቦ እንዳይኖር። ከዚያ በኮላ የተነከረ ሻሽ ከቀንዱ ሥር ጀምሮ መያዣውን ጨምሮ በመስቀለኛ ይጠምጠም። በመጨረሻ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይሰፋበታል።

ሊጡ መቼ ነው የሚለበሰው ካላችሁ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው ቀንዱን ጨርሶ፣ ቀብቶ፣ አሳምሮ ከዚያ ማያያዣ ይፈልግለታል። መጀመሪያ ይታሰር፣ ልጁ ላይ ይለካ፣ ልጁ ይዝለል። ካልወደቀ ሊጡን ያልብሱት።

የአራት ልጆች እናት

የልጆቹ ፀጉርስ? ሹሩባ ለተሠራች ልጅ መያዣውን በሁለቱም በኩል ከሹሩባው ጋር በክር ማሰር ነው፤ ሰማይ ቢገለበጥ አይወርድም። ፀጉሩን የተላጨ ወንድ ልጅ ላይ ግን ይንሸራተታል። የእኔ ልጅ ለበዓል አንበሳ ሲሆን ከመያዣው ጫፍ እስከ ጫፍ በማጅራቱ በኩል ላስቲክ ሰፋሁለት። አገጭ ሥር የሚታሰር ላስቲክ አልወድም፤ ልጆቹ እየሳቡ ሲጫወቱበት ይውላሉ፣ ቃላቸውንም ይረሳሉ።

አናጺው

ቦታውም ወሳኝ ነው። ቀንዱን ከጆሮ በላይ ቀጥታ አናት ላይ አያቁሙት። በሬ ወደ ፊት የሚቆለመም ቀንድ ስላለው ክብደቱ ወደ ግንባር ይስባል፤ ሥሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይውሰዱት። ዋልያ ደግሞ ቀንዱ ወደ ኋላ ስለሚቀለበስ ሥሩ ወደ ፊት ይምጣ። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ጆሮ ላይ ያርፋል።

ጠያቂዋ መምህርት

ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ዝናብ ይጀምራል። የወረቀት ሊጡ ሳይደርቅ በዓሉ ቢደርስብኝስ? ከሰል ምድጃ አጠገብ ላስቀምጠው?

ሸክላ የማውቅ

ከሰል አጠገብ አይሁን። አንዱ ጎኑ ቀድሞ ደርቆ ይጣመማል። ሊጡን በሁለት ጊዜ ያልብሱት፦ መጀመሪያ በጣም ስስ፣ እሱ ሲደርቅ ሁለተኛው። አንድ ጊዜ ወፍራም ከማልበስ ፈጥኖ ይደርቃል። መያዣውን በገመድ ላይ ሰቅለው ነፋስ በዙሪያው ይለፍ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አያስተኙት። ቤት እንጀራ የሚጋገር ከሆነ፣ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ እጅ የማያቃጥል ሙቀት ሲቀረው በላዩ ከፍ አድርጎ መስቀል ይረዳል። መድረቁን በጉንጭ ይወቁት፤ ሲያስጠጉት ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ላይ ቀለም ከተቀባ ይላጣል፣ ይሻግታል።

ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በኮላ የቀጠነ ሊጥ በጣት ይሞላል።

የወንድም ምክር

እኔ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይላል ልቤ። ከበዓል የተረፈ የፍየል ቀንድ በየሰፈሩ ሞልቶ የለም? ሲቀቀል ከውስጥ ያለው አጥንት ይላቀቅና ልባጩ ብቻ ይቀራል። አባቶቻችንም ዋንጫ የሠሩት ከቀንድ ነው።

የልብስ ሰፊው

ወንድሜ፣ ሽታውን ማን ይቻለው? ደግሞም የእውነተኛ ቀንድ ጫፍ ሹል ነው። ሃያ ልጅ መድረክ ላይ ሲተራመስ እንደማየት የሚያስፈራ የለም። ይቅርብን። በነገራችን ላይ የወረቀት ሊጡንም ቢሆን ጫፉን ዱልዱም አድርገው እንጂ አሹለው አይጨርሱት፤ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም።

የሒሳብ ሰው

ቀለሙን በአጭሩ፦ በመጀመሪያ በውኃ የቀጠነ ኮላ፤ ሲደርቅ ሥሩ ገረጣ ያለ ቡናማ፣ ጫፉ ጥቁር፣ መካከሉ በእርጥብ ስፖንጅ ይዋሃድ። የጫማ ቅባት በጨርቅ ማሸት እውነተኛ የቀንድ ወዝ ያወጣል፤ ግን እጅና ፀጉር ያቆሽሻል፤ ስለዚህ ቅባቱን ትተው ስስ ቫርኒሽ ያልብሱት። ቫርኒሹ ሲቀባ ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ አይኑሩ፣ መስኮቱም ይከፈት።

ጠያቂዋ መምህርት

የአንዱን በሬ ቀንድ በደንገሉ ሠርቼ ያለ ሊጥ አስሬለት ልጁ ግቢውን ሲሮጥበት ዋለ። ከራሱ አልተነቃነቀም። ልጁ ማውለቅ እምቢ ብሏል። አሁን የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ የዋልያው ነች። ቀንዱ ላይ ያሉትን ጉብጉብ ነገሮች በሊጥ ልሥራቸው ስል እንደገና ከበደ።

የጣና ዳር ልጅ

በሊጥ አይደለም። የደንገሉን ቅርጽ ከጨረሱ በኋላ፣ ሻሹን ከመጠቅለልዎ በፊት፣ ወፍራም ሲባጎ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ዙር አስረው ቋጠሮውን ወደ ፊት ያድርጉ። ወደ ጫፉ ሲሄዱ ርቀቱን እያጠበቡ ሲባጎውንም ያቅጥኑ። ከዚያ ሻሽ፣ ከዚያ ስሱ ሊጥ። እርጥብ እያለ በማንኪያ እጀታ በየሲባጎው መካከል ይጫኑት፤ ጉብታው ይወጣል፤ ክብደት ግን አይጨመርም። የዋልያ ጉብታ ጎልቶ የሚታየው ከፊት በኩል ስለሆነ የኋላውን ማለስለስ ይችላሉ።

ርዝመቱን ግን ይቀንሱ። የጎልማሳ ወንድ ዋልያ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ካደረጉለት በር ሲገባ ከነመያዣው ደጅ ይቀራል።