ለብዙ ዓመታት የቆመ ቬስፓ ስፕሪንት፦ ሙሉ በሙሉ ከመፍታቴ በፊት ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

አባቴ ይነዱት የነበረ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የተሠራ ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ ስፕሪንት ስኩተር አለኝ። ለብዙ ዓመታት በግቢያችን በቆርቆሮ ጥላ ሥር በመቆሙ የእግር ማሳረፊያው ወለል በዝገት ተበልቷል፤ ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ ሞተሩም በእግር ማስነሻው ሲሞከር ፈጽሞ አይዞርም። ሐሳቤ እስከ መጨረሻው ቡሎን ድረስ ፈትቼ እንደ አዲስ መገጣጠም ነው። መኪና ላይ በመጠኑ ሠርቻለሁ፤ ቱ ስትሮክ ሞተር ግን ከፍቼ አላውቅም። የተያዘውን ሞተር መጀመሪያ ማላቀቅ ይሻላል ወይስ እንዳለ መክፈት? በመፍታቱ ሂደትስ በተለይ ልጠነቀቅበት የሚገባኝ ምንድን ነው?

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የሞተር ሳይክል መካኒክ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእግር ማስነሻውን በኃይል አይርገጡት። ፒስተኑን የያዘው የፋሻዎቹ (ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች) ዝገት ከሆነ፣ በግድ ሲዞር ፋሻው ይሰበርና ስብርባሪው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭረዋል። ካንዴላውን ፈትተው ናፍጣና የሞተር ዘይት በእኩል መጠን ደባልቀው በቀዳዳው ያፍስሱና ለጥቂት ቀናት ይተዉት። የቬስፓ ሲሊንደር ጋደም ያለ በመሆኑ ድብልቁ ዙሪያውን እንዲያርሰው ቬስፓውን አልፎ አልፎ ወደ ጎን ቢያዘነብሉት ይረዳል። ከዚያ ቴስታታውን ያንሡና ፒስተኑን በእንጨት ቁራጭ ላይ ቀስ እያሉ በመምታት ያላቅቁት፤ ብረት በቀጥታ እንዳይነካው።

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የካቦዎቹና የሽቦዎቹ አካሄድ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ዳዶ ለየብቻ በፌስታል አድርገው ስሙን ይጻፉበት።

መልስ (ከቦሎኛ፣ ጣሊያን)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም በዚህ ሞተር ላይ ከሲሊንደሩ ይበልጥ ሊሳሱለት የሚገባ አንድ ቦታ አለ። በስፕሪንት የቤንዚንና የአየር ድብልቅ የሚገባው በሲሊንደሩ በኩል አይደለም፤ ካርቡራተሩ የተቀመጠው በሞተሩ ቤት ላይ ሲሆን፣ መግቢያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ራሱ ሲዞር ነው። የኮሎው ክብ ጎን በሞተሩ ቤት ውስጥ በጥንቃቄ ከተስተካከለ ገጽ አጠገብ፣ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ያልፋል። ይህ ገጽ በዝገት ወይም ውስጥ በወደቀ ብረት በጥልቅ ከተቧጨረ ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራል፤ በሚኒሞ አይቆምም፤ ቤንዚንም ወደ ካርቡራተሩ መልሶ ይተፋል። ሲሊንደር ቢበላ በሬቲፊካ (ውስጡን በማሽን በመፋቅ) ይሰፋል፤ ይህ ገጽ ግን በብየዳና በማሽን ካልተስተካከለ ያለው ምርጫ የሞተሩን ቤት መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲከፍቱት በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ብቻ ያጽዱት፤ ብርጭቆ ወረቀትም ሆነ ካቻቢቴ አያስጠጉበት። ከዚያ ጥፍርዎን በላዩ ላይ ያሳልፉ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሌላ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ለባለሙያ ያሳዩት።

ሁለቱን የሞተር ቤት ግማሾች ለመለየት በመካከላቸው ካቻቢቴ አያስገቡ፤ የተጎዳ መጋጠሚያ አየር ያስገባል። ቤቱን ሞቅ አድርገው በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ቮላኖውንም (በኮሎው ጫፍ ላይ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) አይምቱት፤ የዳዶው መያዣ ቀለበት በቦታው ካለ ዳዶው ሲፈታ ራሱ ስቦ ያወጣዋል። ከሥሩ ያለውን የማኘቶ (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ክፍል) ሰሌዳ ከማንሣትዎ በፊት በሰሌዳውም በቤቱም ላይ አንድ መስመር ይጫሩ፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ የሚወሰነው በእሱ አቀማመጥ ነው። የፍሪሲዮኑ ዳዶ አራት ጥርስ ያለው ልዩ ቁልፍ ይፈልጋል፤ በፑንታና በመዶሻ የተፈታ ዳዶ ሁለተኛ በደንብ አይጠብቅም።

የኮሎውን ፓራውሊዮዎች (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች)፣ ደህና ቢመስሉም፣ ሁለቱንም ይቀይሯቸው። በቮላኖው በኩል ያለው ካረጀ አየር ገብቶ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ይነክሳል (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይያዛል)፤ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካረጀ ደግሞ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ያወጣል። የካምቢዮው ዘይት በጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ጉድለቱ ቶሎ ካልታወቀ ጥርሶቹ በደረቁ ይሠራሉ።

መልስ (ከድሬዳዋ)

ስለ አካሉ ልጨምር። ቬስፓ ከቱቦ የተሠራ ቻሲ የለውም፤ የሚሸከመው የታጠፈው ላሜራ ራሱ ነው። ስለዚህ የበሰበሰውን ወለል በስቱኮ መሸፈን አደገኛ ነው፤ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። አካሉ በብየዳ ወቅት እንዳይጣመም አስቀድሞ በብረት መወጠሩን ያረጋግጡ። ቀለም የሚልጠውም ሰው የቻሲውን ቁጥርና ከኋላው አሞርዛተር ማሰሪያ አጠገብ ያለውን የሞተር ቁጥር እንዳይነካ በጽኑ ያስጠንቅቁት። በሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚመሳከረው ይኸው ቁጥር ስለሆነ፣ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ወደፊት በስም ዝውውርም ሆነ በምርመራ ብዙ ያንገላታዎታል።

ቸርኬው ለሁለት የሚከፈል ነው። ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ሳያስወጡ ዳዶዎቹን አይፍቱ፤ ግማሹ ቸርኬ ተስፈንጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በፍሬኑ ውስጥ ያለውን ብናኝም በኮምፕረሰር አያራግፉት፤ የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፒስተኑ ተላቋል፤ የሞተሩ ቤት ገጽም ጭረት የለበትም። ነገር ግን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዝገት የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ አዲስ ፋሻ ብገጥምለት አይበቃም?

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የሞተር ሳይክል መካኒክ)

አይበቃም፤ ጉድጓዱ እያለ አዲስ ፋሻ ቢገጥሙ የተጨመቀው ድብልቅ ይሸሻል፤ ፋሻውም ቶሎ ይበላል። የሲሊንደሩ የመጀመሪያ የውስጥ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኖቹ በ0.2 ሚሊ ሜትር እያደጉ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ጉድጓዱ የሚጠፋበትን ትንሹን ልክ ባለሙያው ለክቶ ይንገርዎት። ከዚያ ፒስተኑን አስቀድመው ይግዙና ከሲሊንደሩ ጋር አብረው ይስጡ፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት በእጅ ባለው ፒስተን እንጂ በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር አይወሰንም። ከተሰፋ በኋላ የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለታም ይሆናል፤ ስለቱ በስስ ሞረድ ካልለዘበ አዲሱን ፋሻ ይይዘዋል። ሲረከቡ ጣትዎን በጠርዙ ላይ በቀስታ ያሳልፉ፤ ስለቱ ከተሰማዎት እዚያው በሞረድ እንዲያለዝቡልዎት ይመልሱላቸው።