ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የዘር እኩልነት ትግልን እንዴት ላስተምር? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ባህር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ትምህርቱ የዜግነት ትምህርት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዘር መድልዎና ስለ እኩልነት ትግል አስተምራለሁ። ያለኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ፕሮጀክተር የለም፣ መብራትም አይታመንም። ተማሪዎቹ ከ60 በላይ ናቸው።

ይሄን እንደምንም እወጣዋለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ርዕሱን ሳነሳ አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም፤ ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው" አለ። ክፍሉም በሙሉ ተስማማ። በዚያው ቀን በእረፍት ሰዓት አንዷን ጠቆር ያለች ልጅ በቆዳዋ ሲሰድቧት ሰማሁ። ከጣና ሐይቅ ዳር የሚመጣ የነገደ ወይጦ (ሰው የሚያገልለው የሐይቁ ዳር ማኅበረሰብ) ልጅም አለ፤ ምሳውን ለብቻው ነው የሚበላው። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ኖት አጽፌ፣ ፈተና አውጥቼ ብጨርስ ምንም አይለወጥም። ሁለቱን ልጆች መሳቀቂያ ሳላደርጋቸው ትምህርቱ እንዲነካቸው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ ከኪንግ አትጀምሪ። ከእነሱ እኩያ ጀምሪ። ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ አገሯ አሜሪካ፣ ግዛቷ አላባማ፣ ከተማዋ ሞንትጎመሪ። ያኔ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ የፊት ወንበሮች የነጭ ነበሩ። እነሱ ከሞሉ መሀል የተቀመጠ ጥቁር ተነስቶ ይለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1955 ክላውዴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹፌሩ ተነሺ አላት። እምቢ አለች። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፣ እጇን በካቴና አሰሯት።

አሁን ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሺው። የካቲት 23 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ በዓል ዕለት! ይህን ስትነግሪያቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር አይረሱም።

ሌላም አለ። ልጅቷ በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤቷ የጥቁሮችን ታሪክ ስትማር ነው የከረመችው። ባርነትን የታገሉት ሃሪየት ተብማንና ሶጆርነር ትሩዝ ትከሻዋን ይዘው እንዳትነሳ የተጫኗት ያህል እንደተሰማት በኋላ ተናግራለች። እንግዲህ አንቺ የምታስተምሪው ትምህርት ምን ያህል አቅም እንዳለው ተመልከቺ።

ሮዛ ፓርክስ የምትባል ጥቁር ሴት በዚያው ከተማ እንደዚሁ ከወንበሬ አልነሳም ብላ የታሰረችው ከ9 ወር በኋላ ነው። ያኔ ነው ጥቁሩ ሕዝብ አውቶቡስ መሳፈር ያቆመው። ለ381 ቀናት! የአውቶቡስ መድልዎውን በፍርድ ቤት ካስሻሩት አራት ሴት ከሳሾች አንዷ ደግሞ ይህችው ክላውዴት ናት። የፍርድ መዝገቧ የተሰረዘላት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗት።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ዓባይ ማዶ

381 ቀን ሲባል ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዳያልፍ። ከዓባይ ማዶ ጊዮርጊስ ድረስ ባጃጅም ታክሲም ሳትይዙ ጠዋትና ማታ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በእግር ትችላላችሁ ወይ በያቸው። ከዚያ "ማን ይታመማል? አሮጊቶቹን ማን ይወስዳል? ሥራ የሚያረፍድ ሰው ምን ይሆናል?" ብለሽ በቡድን አከፋፍያቸው። የሞንትጎመሪ ሰዎች 300 ያህል የግል መኪና አስተባብረው፣ መነሻና መድረሻ ወስነው ነው ያሳለፉት። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሦስት አራተኛው ጥቁር ስለነበረ ድርጅቱ ከሰረ። ልጆቹ ትግል ማለት ንግግር ብቻ እንዳልሆነ ያዩታል። ድርጅትና ሒሳብ ይፈልጋል።

መልስ፦ አዲስ ተመራቂ መምህር

በስልጠና ላይ የሰማሁት አንድ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኪንግ ሲገደል ጄን ኤልየት የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ፣ አንድ ቀን አንዱን ወገን፣ ሌላ ቀን ሌላውን የበላይ አድርጋ መድልዎን አሳየቻቸው። ለምን በደብተር ቀለም ከፍለሽ አትሞክሪውም?

መልስ፦ የትምህርት ቤት አማካሪ

እህቴ፣ እባክሽ ይሄን እንዳታደርጊ። የኤልየት ሙከራ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እሷ እንኳ ትንሽ ክፍል ይዛ፣ ከልጆቹ ጋር ቀኑን ሙሉ እየዋለች ነው የሠራችው። አንቺ 60 ልጅና 40 ደቂቃ ነው ያለሽ። ደወል ሲደወል የተበደለው ወገን ንዴቱን ይዞ ይወጣል። በየቀኑ ለሚሰደበው ልጅ ደግሞ ጨዋታ አይሆንለትም።

ሁለቱን ልጆች በተመለከተ፦ በክፍል ውስጥ ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አታንሺ፤ "እስቲ አንተ ንገረን" ብለሽም አትጠይቂ። ስድቡን ግን በሰማሽበት ሰዓት እዚያው አስቁሚ። ለተሳዳቢው ለብቻው ንገሪው፤ ለክፍል ኃላፊውም አሳውቂ። ትምህርቱ እስኪደርስ አይጠበቅም።

መልስ፦ የሐይቁ ዳር ልጅ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ቲቸር፣ እኔ ራሴ ነገደ ወይጦ ነኝ። የጻፉትን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ያንን ምሳ አውቀዋለሁ።

አንድ ታሪክ ልጠቁምዎ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 በአሜሪካ ግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ትልቅ መደብር ገቡ። ዕቃ ገዙ፤ ተሸጠላቸው። ከዚያ እዚያው ያለው የምግብ ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብለው ቡና አዘዙ። አይሆንም ተባሉ። ገንዘባቸው ይፈለጋል፣ አብረው መቀመጣቸው ነው የተጠላው። እስኪዘጋ ድረስ አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ፤ በሌሎች ከተሞችም ቀጠለ። በሐምሌ ወር መደብሩ ተሸነፈ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከደንገል የሠራነው ታንኳ ይገዛል፣ ያጠመድነው ዓሣ ይበላል፤ ማዕድ ግን አይቀረብንም ነበር። አያቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሸሻቸው። እኛ ሙስሊም ሆነን፣ አደኑም ቀርቶ፣ ሽሽቱ ግን ያልለቀቀው ሰው አለ። ባህር ዳር ላይ አብሮ መብላት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ ግሪንስቦሮን ይንገሯቸውና "እኛ ከማን ጋር አንበላም?" ብለው በወረቀት፣ ስም ሳይጽፉ ያስመልሷቸው። ወረቀቱን እርስዎ ብቻ ያንብቡት።

መልስ፦ መምህርት፣ ባህር ዳር (ጠያቂዋ)

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የወረቀቱን ነገር እንዳልከው አደርገዋለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎንም የካቲት 23 ወስጃለሁ። ግን "እኛን አይመለከተንም" ለሚለው ልጅ ምን ልበለው?

መልስ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ልጁን አትቆጪው። ዓድዋን ስለሚወድ ነው እንደዚያ ያለው። ዓድዋን በሌላ አገር ያሉ ብዙ ጥቁሮች እንደ ራሳቸው ድል እንዳዩት ንገሪው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሃርለም ውስጥ ለእኛ ሰልፍ ተወጥቷል። ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አብሮን ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ፋሺስቶቹ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከሉ። በእኛው ምድር ላይ የወጣ የዘር ሕግ ነው!

እኛም ዝም አላልንም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ቢሆንም ተከራክረናል። ኔልሰን ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ወታደራዊ ስልጠና ወስዷል።

ይህን ብቻ ነግረሽ ግን አትቁሚ፤ ደረት ነፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያቺ ልጅ የተሰደበችበት ስድብ ከየት መጣ? ከእኛው የባሪያ ንግድ ነው። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች እዚሁ አገር ተሸጠዋል። አሜሪካ ባርነትን በሕገ መንግሥቷ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ የእኛ የመጨረሻው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጻፊና የእኛን ወደ እነሱ አቆጣጠር እንዲቀይሩት አድርጊ። 1942 ይመጣል። ልዩነቱን ራሳቸው ያውጡት፤ አንቺ ትንሽ ቆይተሽ ተናገሪ። የ13 ዓመት ልጅ እውነት አይከብደውም።

መልስ፦ የሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ

ሁለት ክፍለ ጊዜ ካነሰሽ ሰኔ 9ን ተጠቀሚበት። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያ ቀን በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ጥቁር ተማሪዎች በነጮቹ ገዥዎች ቋንቋ በአፍሪካንስ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ ሄክተር ፒተርሰን 12 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ ይከበራል። ልጆችሽ አጭር ጽሑፍ ያዘጋጁና በጠዋት ሰልፍ በሚኒ ሚዲያ ያንብቡት። አንባቢዎቹን ግን ሁልጊዜ ከሚያነቡት ጎበዞች ውጪ ምረጪ። ጽሑፉን ከግንቦት አጋማሽ በፊት አስጨርሻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለክልላዊ ፈተና ነው የሚሯሯጠው።