ለቁልቢ የሚደርስ የጋራ ሥራ፦ የድሬ ሙዚቀኞች ማኅበር የዕቅድ ውይይት በግሩፕ (በቅንፍ ያለው የየሰዉ ሰፈር ወይም ከተማ ነው)

ሰብሳቢ፦ ባንክ ውስጥ 48,000 ብር አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነው፣ ሕዝቡ በድሬ በኩል ነው የሚወጣው። ዘፈናችን ከስልክ ስልክ በነፃ ይዞራል፣ እኛ ሳንቲም አላየንበትም። በእጅ የሚያዝ ነገር ካልሸጥን ዘንድሮም ስቱዲዮ አንገባም። የእኔ ሐሳብ፦ ቤት የቀዳናቸው 12 ዘፈኖች በፍላሽ፣ ፍላሹ በድሮ የካሴት ማቀፊያ ውስጥ፣ ሽፋኑ ላይ ግጥሞቹና የሁላችን ስም። 100 ፍሬ።

ኪቦርድ (ሳቢያን)፦ ተስማምቻለሁ። ታይዋን ገበያ ፍላሽ በጅምላ በ300 አገኛለሁ። ማቀፊያውንም እኔ እፈልጋለሁ። ሐሙስ ዋጋ ይዤ እመጣለሁ።

ባስ (ገንደ ቆሬ)፦ ለምን ሸክላ አናሳትምም? እኔ አሊ ቢራ የወጣበት ከተማ ልጅ ነኝ። ፍላሽ ማንም ይሸጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሸክላ ውጭ ነው የሚታተመው፣ በዶላር። ደግሞ በድሬ ፀሐይ መኪና ውስጥ ረስተኸው ብትውል ጠርዙ እንደ እንጀራ ይነሳል።

ድምፃዊት (ሐረር)፦ ፍላሹ ሙዳይ ውስጥ ቢገባስ? እናቴ ትሰፋለች። አሁን እጄ ላይ ያለችው የቡና ስኒ ታክላለች፣ ክዳኗ ቀይና አረንጓዴ አለላ ነው። ፍላሽ ከተትኩባት፣ ክዳኗ ግጥም አለ። ሰው ዘፈኑን ቢጠግበው እንኳ እሷን አይጥላትም፤ ግድግዳው ላይ ይሰቅላታል።

ሰብሳቢ፦ በጣም ቆንጆ። 20ው በሙዳይ ይሁን። የሽፋኑን ንድፍ ለጥፌያለሁ፣ ከላይ «ድሬ ዳዋ» ይላል።

ከበሮ (ከዚራ)፦ ለያይተህ ነው የጻፍከው። ድሬዳዋ አንድ ቃል ነው። የአምናውን ባነር ረሳኸው? ሁለቴ አሳትመን ሁለቴ ከፈልን።

ባስ፦ የባነሩ ጥፋት የማተሚያ ቤቱ ነው። በኦሮምኛ ሁለት ቃል ነው።

ከበሮ፦ የምንጽፈው በአማርኛ ነው። ለማኅበሩ የመጣውን ደብዳቤ እይ፣ አንድ ላይ ነው።

ዑድ (መጋላ)፦ ፈረንሳዮቹ ባቡሩን ሲያመጡ መሐሉ ላይ ጭረት አድርገው ነው የጻፉት።

ባስ፦ አያቴ ምድር ባቡር ነው የሠራው። መታወቂያው ላይ ለየብቻ ነው። ፎቶ አንስቼ ልላክ?

ከበሮ፦ የአያትህ መታወቂያ የእኔን ከተማ ስም አይወስንም።

ባስ፦ የእኔን ከተማ? አቦ አንተ መቼ መጣህ?

ሰብሳቢ፦ ተዉ። እባካችሁ።

ድምፃዊት፦ ሐረርስ? ከ12ቱ ዘፈን 4ቱ የእኛ ነው። ሽፋኑ ላይ የለችም።

ከበሮ፦ ማኅበሩ የድሬ ነው።

ድምፃዊት፦ መዋጮ ስትሰበስቡ የድሬ ብቻ አልነበረም። ዘፈኖቼን አውጡ። ሙዳዩንም እርሱት።

ሰብሳቢ፦ ማንም ዘፈን አያወጣም። ሐረርም ትጻፋለች።

ዑድ፦ ከተጻፈች በሐመሩ ሐ ትጻፍ። ባነሩ ላይ በሃሌታው ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ በፊደል አራት ቀን ሄደ። ዋናውን ማንም አላነሳም። ከ12ቱ 3ቱ የሌላ ሰው የድሮ ዘፈኖች ናቸው። የግጥምና የዜማው ባለቤቶች ፊርማ የለንም። አባዝተን ብንሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እንጠየቃለን። እኛ ተሰረቅን እያልን የሰው አንሰርቅም። ያለ ፊርማ ብር አላወጣም። ደግሞ ኪቦርድ የት ገባ? ሐሙስ አልፏል።

ከበሮ፦ የሐረሯ እህቴ፣ ይቅርታ። አፌ ቀድሞኝ ነው። ያላንቺ ዘፈን ይሄ ሥራ ሥራ አይሆንም።

ድምፃዊት፦ ይሁን። እናቴን ግን ጠየቅኳት፣ 20 ሙዳይ ለቁልቢ አይደርስም። ለሐረሩ በዓል ለሸዋል ኢድ ይሁን። ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ጥሩ ይገዛል።

ባስ፦ እንግዲያው ለቁልቢ ቲሸርት እናሳትም። ነጭ፣ ደረቱ ላይ «ድሬ» ብቻ።

ከበሮ፦ «ድሬ» ከሆነ እኔም አለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ 100 ቲሸርት በ450፣ 45,000 ነው። ፍላሽ የለም ማለት ነው። ሥራችን ዘፈን ነው፣ ቲሸርቱ ላይ ዘፈኑ የት አለ?

ዑድ፦ ጀርባው ላይ ኪውአር ኮድ ይታተም። በስልክ ሲያነሱት ዘፈኑ ይከፈታል።

ሰብሳቢ፦ በነፃ ከተከፈተ የተነሳንበት ቦታ ተመለስን።

ባስ፦ ቲሸርቱ ይሸጥ፣ ከዚያ እናያለን። ነገ አሸዋ ሄጄ ጨርቁን አያለሁ። ቁጥራችሁን ጻፉ።

ድምፃዊት፦ የእኔ ሚዲየም። ለእናቴም አንድ።

ከበሮ፦ ላርጅ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከባንክ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ፈራሚ ኪቦርድ ነው። ስልኩ ከረቡዕ ጀምሮ ዝግ ነው። ሳቢያን የምትኖሩ ቤቱ ሂዱና አንኳኩ።