የጂሬንን ዳገት ለሚወጣ ብስክሌት፦ 48 ሲሲ ይበቃል ወይስ "80" ልግዛ?

ባለ26፦
ሰላም ወገኖች። ባለ 26 ኢንች የብረት ቴላዮ (አጽም) ያለው ማውንቴን ብስክሌት አለኝ፣ ሞተር ልገጥምለት ነው። የቀረቡልኝ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቱ ስትሮክ 48 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ "80 ሲሲ" እና ፎር ስትሮክ 49 ሲሲ። የእኔ ክብደት 72 ኪሎ ነው፣ ከኋላ እስከ 25 ኪሎ ጭነት ይኖራል። መንገዱ በአብዛኛው እዚሁ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ቂጦ ፉርዲሳ ነው፤ ግን በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወደ ጂሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት መውጣት አለብኝ። ፍጥነት አልፈልግም፣ ሜዳ ላይ 30 ከሄደልኝ ይበቃኛል። ዳገቱ ላይ ወርጄ እንዳልገፋ ብቻ ነው የምፈልገው። የትኛውን ልውሰድ?

ካንዴላ፦
መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፤ "80" ተብሎ የሚሸጠው 80 አይደለም። የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ነው። 4.7 × 4.7 × 0.785 × 3.8 ብታሰላው 65.9 ይመጣል፣ ማለትም 66 ሲሲ። ጉዞው 40 የሆነም አለ፣ እሱም ቢሆን ከ69 ብዙ አያልፍም። 48 የሚባለው ደግሞ 40 በ38 ስለሆነ 47.7 ይወጣል፣ እሱ እውነቱን ነው። ስለዚህ ምርጫህ በ48 እና በ66 መካከል ነው። ሻጩ ቴስታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እንድትከፍት ከፈቀደ፣ የሲሊንደሩን ስፋት በካሊፐር መለካት ይቻላል፤ የ7 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይንም ይለያል።

ሁለተኛው ነገር ከሲሲው የበለጠ ያሳስበኛል፦ የኋላው ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ጥርሳም ክብ) የጥርስ ብዛት። እነዚህ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ውስጣቸው ባለ 20 እና ባለ 82 ጥርስ ማርሽ አለ፣ ያ 4.1 ለ 1 ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትንሿ ስፕሮኬት ባለ 10 ጥርስ ናት። ኪቱ (ሞተሩ ከነመግጠሚያ ዕቃው) ብዙ ጊዜ ባለ 44 የኋላ ስፕሮኬት ይዞ ስለሚመጣ፣ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ 18 ጊዜ መዞር አለበት። ባለ 26 ጎማ በአንድ ዙር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ወደ 34 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያደርስሃል። በባለ 36 ብትቀይረው 42 ይደርሳል፣ በባለ 56 ደግሞ 27።

አሁን ዳገቱን እንየው። አንተ፣ ጭነቱ፣ ብስክሌቱ፣ ሞተሩና ቤንዚኑ ተደምረው 130 ኪሎ ገደማ ናችሁ። 8 በመቶ ዳገት በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመውጣት ጎማው ላይ 700 ዋት ያህል ያስፈልጋል፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው። "እነዚህ ሞተሮች 2 የፈረስ ጉልበት አላቸው፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?" እንዳትል፤ ያ ጉልበት የሚገኘው ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። በባለ 44 በ20 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ የሚዞረው 2,900 ብቻ ነው። እዚያ ዙር ላይ የሚፈለግበት ጥምዘዛ (የማዞር ኃይል)፣ በሰንሰለትና በማርሽ የሚባክነው ተጨምሮ 2.7 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። 66ቱ ይህን ይችላል። 48ቱ ግን ይታነቃል። እዚያው 48 ላይ ባለ 56 ግጠምለት፤ የሚፈለግበት ወደ 2.1 ይወርዳል፣ ዙሩ ወደ 3,700 ይወጣል፣ ዳገቱንም ይወጣል። ዋጋው ሜዳ ላይ ከ27 ብዙ አለማለፍ ነው።

ለአንተ የምለው፦ 66፣ ከባለ 48 ወይም ባለ 50 ስፕሮኬት ጋር። በባለ 50 ሜዳ ላይ ሞተሩ ሳይጨነቅ 30 ይሄዳል፣ የጠየቅከውም እሱን ነው። ብቻ ከመግዛትህ በፊት ዳገቱን ለካው። 1 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ መንገዱ ላይ አስተኛ፣ ውሃ ልክ ከላዩ አድርግ፣ የታችኛውን ጫፍ ውሃው እስኪስተካከል አንሳው። ያነሳኸው ሴንቲ ሜትር የዳገቱ ፐርሰንት ነው። በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ለካ፤ የሚያቆምህ እሱ ስለሆነ።

ራጂ፦
ካንዴላ ስለ ስፕሮኬቱ ያለው ልክ ነው፣ ስለ 66ቱ ግን ቸኩሏል። 48ቱና 66ቱ ታችኛው ክፍላቸው፣ ክራንኩ ጭምር፣ ተመሳሳይ ነው። 66ቱ ላይ የተቀየረው ፒስተኑና ሲሊንደሩ ነው። ፒስተኑ ከብዶ ክራንኩ ያው ሲሆን ሚዛኑ ይፋለሳል፣ ንዝረቱም ይጨምራል። ያ ንዝረት ነው የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ብሎኖችን የሚፈታው፣ የሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ማሰሪያ የሚሰብረው፣ እጅ የሚያደነዝዘው። 48ቱ ከፍ ባለ ዙር ሲሄድ ረጋ ያለ ነው። ሜዳ ላይ ለሚውልና ጭነት ለማይዝ ሰው 48 ከባለ 48 ወይም 50 ስፕሮኬት ጋር ዕድሜው ረጅም ነው። 25 ኪሎ ጭነት ይዞ ጂሬን ለሚወጣ ግን እኔም 66ን አልቃወምም። ንዝረቱን አውቀህ ግባበት ነው የምለው።

ስለ ኋላ ጎማው አንድ ጥያቄ፦ ራጂው (የጎማው ሽቦ) ስንት ነው? የኪቱ ስፕሮኬት ዘጠኝ ቀዳዳ አለው፣ የተሠራው ለ36 ራጂ ነው። የቆዩት ባለ 28 የህንድ ብስክሌቶች ከኋላ 40 ራጂ ያላቸው ናቸው፤ ዘጠኙ ብሎን በራጂዎቹ መሃል እኩል አይገባም፣ በግድ ሲጠብቅ ስፕሮኬቱ ይጣመማል፣ ሰንሰለቱም ይዘላል። እንደዚያ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ በሞዞው (በጎማው እምብርት) ላይ የሚታሰር ማያያዣ ማሠራት ይሻላል።

ባለ26፦
በጣም አመሰግናለሁ። ራጂው 36 ነው። በውሃ ልክ ለካሁት፣ ቀጥ ያለው ቦታ 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ፎር ስትሮኩን ማንም አላነሳውም፤ ዘይት መቀላቀል ስለሌለው ልቤ ወደ እሱ ነበር።

ካንዴላ፦
9 በመቶ ከሆነ በባለ 44 የሚፈለገው ጥምዘዛ 3 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። እዚህ ከፍታ ላይ 66ቱንም ጠርዝ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ባለ 50 ውሰድ፤ ወደ 2.6 ይወርድልሃል። ቀጥ ያለችው ቦታ ላይ ፔዳሉን ብታግዘው ደግሞ ከእግርህ የሚመጣው 100 ዋት ቀላል አይደለም።

"እዚህ ከፍታ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ወደ 17 በመቶ ያህል ያጣል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ እዚህ አይሠራም፣ ወደ ጂሬን ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ሌላው መዘዝ ካርቡራተሩ ነው፦ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ምልክቱ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ድምፁ እየተቆራረጠ መጎተት፣ ካንዴላው (የእሳት መጫሪያው) ሲወጣ ጥቁርና እርጥብ መሆን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ሞተሩ ደካማ ነው፣ ትልቅ መግዛት ነበረብኝ" ይላል፤ ችግሩ ግን የጄት (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ነው። ጄቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ 70 ከሆነ 65 አካባቢ ሞክር። ከዚያ በፊት ግን የካርቡራተሩን መርፌ አስተካክል፦ ክሊፑን አንድ እርከን ወደ ላይ ስታወጣው መርፌው ዝቅ ይላል፣ መሃል ዙር ላይ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ካንዴላው ቀላ ያለ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ነው። ነጭ ከሆነ አልፈሃል፣ ቶሎ መልሰው፤ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ይነክሳል።

ፎር ስትሮኩ ጥሩ ሞተር ነው። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁም አይረብሽም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የፔዳሉን ክንድ በሰፊ መቀየር ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ለብቻው የሚገዛ ማርሽ ሳጥን ወይም ቺንጋ (ቀበቶ) አለው። ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው) የሞተሩ ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ ነው። ማርሹ ረጅም ከሆነ ዳገት ላይ ዙሩ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፣ ይግላል፣ ሽፋኑ ያልቃል። በአጭር ማርሽ ከተገጠመ ግን ይወጣል። አቅሙ ካለህ አትፍራው። ዘይቱን ሁልጊዜ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገህ ለካ፣ በጎን ማቆሚያ ላይ ጋደል ብሎ ሲቆም ልኩ ይዋሻል።

ቁልቁለት፦
ሁላችሁም ስለ መውጣት ብቻ አወራችሁ። ሞተር የሚሞተው ሲወርድ ነው። ቱ ስትሮክ ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም። ከጂሬን ስትወርድ ነዳጅ መስጫውን ዘግተህ ፍሪሲዮኑን ሳትይዝ ሞተሩን እንደ ፍሬን ከተጠቀምክበት፣ ሞተሩ 5,000 ዙር እየዞረ ዘይት አያገኝም። የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ "ክርር" ብሎ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። መፍትሔው ፍሪሲዮኑን ይዞ መውረድ፣ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ነዳጅ መስጠት ነው።

ፍሪሲዮኑን ስትይዝ ግን 130 ኪሎውን የሚያቆመው የብስክሌት ፍሬን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የሲሲ ምርጫ ከፍሬን ጋር የሚገናኘው፤ ቸርኬውን የሚይዝ የካውቾ ፍሬን ላለው ብስክሌት ከ66 በላይ አላስብም። ቢያንስ የፊቱን በዲስክ ቀይር። የጅማ ዝናብ ደግሞ ወራትን ነው የሚዘልቀው፤ እርጥብና ቀይ ጭቃ የያዘ ቸርኬ ላይ ካውቾ ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል። ጭቃው አሸዋ ስላለው አሉሚኒየሙንም ይበላዋል። በዝናብ ከመውረድህ በፊት ፍሬኑን ቀስ ብለህ ጥቂት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርግና ቸርኬውን አድርቀው። የፍሪሲዮኑና የፊት ፍሬኑ እጀታ በአንድ ጎን እንዳይሆኑም አስተካክል። እና ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ስለሚጠይቁት ነገር ከመግዛትህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፤ ከሻጭ አፍ አትስማ።

ራጂ፦
ስለ ገጠማው ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚያ ስለሆነ።

የሰንሰለት መወጠሪያዋ (ትንሿ ጎማ ያለባት ብረት) የኋላ ቱቦው ላይ በሁለት ብሎን ብቻ ነው የምትታሰረው። ትንሽ ከላላች ዞራ ራጂው ውስጥ ትገባለች፣ ያኔ የኋላው ጎማ በአንዴ ይቆማል። ከሥሯ የአሮጌ ከለመዳሪ (የውስጥ ጎማ) ቁራጭ አድርግና አጥብቃት፣ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰንሰለቱን በልኩ ቆርጠህ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ መወጠሪያዋን ሥራ ማሳጣት ነው። መሃሉ ላይ በጣት ሲጫን ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መላላት አለበት። ስፕሮኬቱ መሃል ካልያዘ ጎማው ሲዞር ሰንሰለቱ አንዴ ይወጠራል አንዴ ይላላል፤ ዘጠኙን ብሎን በመስቀል ተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቅክ አስተካክለው።

ሞተሩን ለማሰር ቴላዮውን አትብሳው። ቱቦው ወፍራም ከሆነ ሰፋ ያለ ማሰሪያ አሠራ። የአሉሚኒየም ቴላዮ ላይ በፍጹም አይበሳም፣ ከቀዳዳው ነው የሚሰነጠቀው።

ብሎኖቹን ሁሉ በስፕሪንግ ሮንዴላ እሰራቸው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ የቴስታውን አራት ዳዶ በመስቀል ተራ መልሰህ አጥብቅ። ሲግል አይነካም። የማርሚታውን ጓርኒሲዮንም (መጋጠሚያው ላይ አየር የሚከለክለውን ንጣፍ) እየው፤ እዚያ አየር ካስገባ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ማርሚታው ራሱ ተንቀጥቅጦ ብሎኑን ይቆርጠዋል። ማርሚታውን ከቴላዮው ጋር የሚይዝ ተጨማሪ ድጋፍ ከሌለው አሠራለት።

ባለ26፦
66 ከባለ 50 ስፕሮኬት ጋር ልወስድ ነው። የዘይቱ ልክ ስንት ነው? አንዱ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ቀላቅል አለኝ።

ካንዴላ፦
40 ቁጥር የሚቃጠል ዘይት አይደለም። ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን በጥቀርሻ ይደፍናል፣ ፋሻዎቹንም (የፒስተኑን ቀለበቶች) ያጣብቃል። "ቱ ስትሮክ" የሚል የተጻፈበትን ግዛ። ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር 20 ለ 1፣ ማለትም በ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር። ከዚያ በኋላ 25 ለ 1፣ በሊትር 40። መለኪያው የሲሮፕ መድኃኒት ክዳን ወይም 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሁን፣ በቡሽ ክዳን ግምት አይሆንም። ሰልባትዮው ውስጥ ሳይሆን በጄሪካን ቀላቅለህ አናውጠው፣ ከዚያ ሙላ። ዘይት ስትጨምር የቤንዚኑ ድርሻ እንደሚቀንስ አትርሳ፤ ስለዚህ ከ20 ወደ 25 ስትሸጋገር ካንዴላውን እንደገና አውጥተህ ቀለሙን እይ።

በእነዚያ 500 ኪሎ ሜትሮች ከ25 በላይ አትሂድ፣ በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ጊዜ አትቆይ፣ ጭነት ይዘህም ጂሬን አትውጣ። ካንዴላውን በኤን ጂ ኬ ቢ6ኤችኤስ ቀይረው፣ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር። ከሞተሩ የሚወጡት ገመዶች ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ነው የሚገናኙት። ነጭ ሦስተኛ ገመድ ካለ መብራት አታስርበት፣ ጫፉን በቴፕ ጠቅልለህ ተወው።