«ቦርድ» ሲሉ ገበታ ማለታቸው ነው

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። በቅርቡ ከኮምቦልቻ የመጣችው እህታችን የኪራይ ውሏ ላይ «ሩም ኤንድ ቦርድ» የሚል አይታ፣ «ክፍሉስ ገባኝ፣ ቦርዱ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃለች። አብሽሪ እህቴ፣ ቦርዱ ምግብሽ ነው።

እኔ የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ዳቦ በሻይ ስበላ ከረምሁ፤ የከፈልሁበት እራት ግን ታች ቤት በየቀኑ ይቀርብ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ቃሉ ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ ሳንቃ ማለት ነበር። ሳንቃው የሚበላበት ጠረጴዛ ሆነ፤ ስሙም ከጠረጴዛው ወደ ምግቡ ተሻገረ። የእኛም ገበታ ከእንጨት የተጠረበ ዕቃ ነው፤ «ገበታ ቀረበ» ሲባል ግን እንጨቱን የሚያስታውስ የለም። ጠረጴዛውን ከበው የሚመክሩት ሰዎችም ቦርድ ተባሉ። ወደ አማርኛ የገባው ይህኛው ስለሆነ ነው ውሉ ያደናገረሽ። የመርከብ ጎንም ቦርድ ይባል ነበር፤ አውሮፕላን ስትሳፈሪ የያዝሽው ቦርዲንግ ፓስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን፣ ካፕቦርድ የሚሉት፣ ድሮ ጽዋ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ነበር።

ወሎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በልጅነታችን ቁርኣን የቀራንበት ሎህ፣ በጥላሸት ቀለም ተጽፎ ሲያዝ የሚታጠበው፣ በዐረብኛ ሳንቃ ማለት ነው። ሱረቱል ቀመር ላይ የኑሕ መርከብ የተሠራችበት ሳንቃም በዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር፣ አልዋሕ ተብሎ ተጠርቷል። ልክ እንደ እንግሊዝኛው፣ አንዱ ቃል መርከቡንም ትምህርቱንም ይዟል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ቦርዲንግ ስኩል ነው። እኛ አዳሪ ትምህርት ቤት ስንል ማደሩን ቆጠርን፤ እነሱ የቆጠሩት መብሉን ነው።

አሁን ወደ ውልሽ። «ፉል ቦርድ» ከሆነ ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው፤ «ሃፍ ቦርድ» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቁርስና እራት ብቻ። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈርልሽ። ሐላል መሆኑንም ሳትፈርሚ ጠይቂ። ረመዳን ሲገባ እራትሽ እስከ መግሪብ እንዲቆይልሽ፣ ለሱሑርም የሚበላ እንዲቀመጥልሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።